የአስቤዛ ማድረሻ መጋዘን ውስጥ ፈረቃ እንዴት ይመራል?

በቃሊቲ፣ በገላን ወይም በለቡ በኩል ካሉ መጋዘኖች ሞተረኛው አስቤዛ ጭኖ ወደ መሃል ከተማ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ሥራ አለ። ያንን ሥራ የሚያስተባብረው የፈረቃ ኃላፊ ነው። ለቦታው አዲስ ከሆናችሁ ዋናውን ልንገራችሁ፦ ፈረቃ የሚሰምረውም የሚበላሸውም ርክክብ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ቀድማችሁ ግቡ። ፈረቃው ንጋት 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። በዚያ ሰዓት ታክሲ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ሰርቪስ መኖሩን ጠይቁ። የሌሊቱ ኃላፊ "ሁሉም ሰላም ነው" ቢላችሁም አመስግኑትና ቁጠሩ። በተለይ ዘይት፣ ስኳርና የሕፃናት ወተት በሲስተሙ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከር። እንቁላል ከሆነ የላይኛውን ትሪ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። አንስታችሁ የታችኛውን እዩ፤ ክብደቱን የተሸከመው እሱ ነው። ጉድለት ካለ እዚያው ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሳትፈርሙ የተረከባችሁት ጉድለት በእናንተ ስም ይቀራል።

ቀጥሎ የአገልግሎት ጊዜ ማብቂያውን እዩ። ቶሎ የሚያልፍበት ከፊት፣ አዲስ የገባው ከኋላ ይደርደር። አንዳንዱ የአገር ውስጥ ምርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከውጭ የመጣው ደግሞ በፈረንጅ ስለሚጻፍ አዲስ ሠራተኛ ይምታታበታል። ልዩነቱን እቃው ላይ እያሳያችሁ አስረዱት።

ሰው ስትመድቡ አዲሱን ከነባሩ ጋር አጣምሩ። እሽግ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፦ ከባዱ ከታች፣ ቲማቲምና ዳቦ ከላይ፣ በረኪና ለብቻው።

እቃ ሲያልቅ ግን ትልቁ ፈተና ይመጣል። በግምት ሌላ ተክታችሁ አትላኩ። ደውሉ። "እትዬ፣ ያዘዙት ምስር አልቋል። ክክ አለን፤ እሱን እንላክልዎ ወይስ ከሂሳቡ ይቀነስ?" ይበቃል። ደንበኛ እቃ በማለቁ ብዙም አይቆጣም፤ የሚያናድደው ሳይጠየቅ ሌላ ነገር ሲመጣለት ነው።

መብራት ከጠፋ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉ፣ በሩም አይከፈት። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጄኔሬተር ካለ ቅድሚያው ለወተት፣ ለሥጋና ለዶሮ ነው።

የጾም ቀኖችንም አትርሱ። ረቡዕና ዓርብ የወተትና የእንቁላል ትዕዛዝ ቀንሱ። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ግን ቅቤ፣ እንቁላልና ሽንኩርት አስቀድማችሁ አስገቡ።

በዓል ሲመጣ ትርፍ ሰዓት አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው በቀን የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ልጆቹ እየሮጡ የሠሩበት ሰዓት ነውና በዕለቱ መዝግቡት፣ እነሱም ይፈርሙ። ደመወዝ ሲወጣ ሰዓት ጎድሎባቸው ቢያገኙት መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እናንተ ነው፤ ያኔ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ሂሳብ ክፍል አብራችኋቸው ሂዱ።