የፖሊስ አርማና ፊሽካ ለምትሰበስቡ

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ፖሊስ ነበር። ካረፈ በኋላ ከሣጥኑ አንድ የነሐስ የደንብ ልብስ ቁልፍና የተሰነጣጠቀ የቆዳ ቀበቶ አገኘሁ። መሰብሰብ የጀመርኩት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን ዕወቁ። ከጣልያን ወረራ በፊት አዲስ አበባን ይጠብቅ የነበረው የአራዳ ዘበኛ ነው። የዛሬው ፖሊስ መሠረት የተጣለው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 በወጣው የፖሊስ አዋጅ ነው። ከዚያ የአባዲና ፖሊስ ማሠልጠኛ መጣ። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣም አለ፤ አሮጌ ቅጂ ካገኛችሁ እንዳታልፉት።

አርማ ሲገጥማችሁ አንበሳውን እዩ። ዘውድ ደፍቶ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት ዘንግ ከያዘ የጃንሆይ ዘመን ነው። ንጉሡ መስከረም 1967 ከወረዱ በኋላ አርማው ተቀየረ። ማግኔትም ያዙ። «ነሐስ ነው» የተባለው ቁልፍ ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው። በቅርቡ የተቀዳ ቅጂ ደግሞ የአንበሳው ጋማ ድብስብስ ይላል።

እባካችሁ አትፈትጉ! የአባቴን ቁልፍ እኔ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። አበራ፤ ግን የአንበሳው ፊት ሄደ። አሁን አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ልሙጥ ነው፤ በጣም ይቆጨኛል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ አረንጓዴውን ዝገት በመፋቂያ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ በቃ። ቆዳ ከድሬ ፀሐይ ይራቅ።

አሁን የሚለበስ የደንብ ልብስ ወይም መታወቂያ ቢያመጡላችሁ አትግዙ። ያስጠይቃል።

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት አንዳንዴ ይገኛል፤ ቆራሌውንም አስታውሱት፣ ዕቃው ከመቅለጡ በፊት ያሳያችኋል። እኔ ግን ጡረተኞቹን ፖሊሶች አስቀድማለሁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ቡናና ስኳር ያዙ። ስለ ዕቃው ቶሎ አትጠይቁ፤ ስለ ሥራው ጠይቁ። አንድ አባት ሁለተኛው ቡና ላይ ተነሥተው በሻሽ የተጠቀለለ ፊሽካ አመጡ። «ልጄ፣ ከዚራን ሌሊት ስንዞር የምንጠራራው በዚህ ነበር» አሉኝ። ለመሸጥ አልፈለጉም፣ እኔም አልወተወትኩም። ፎቶ አንስቼ፣ ያሉትን እዚያው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍኩ።

ከዓመት በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። ፊሽካው አሁን እኔ ጋ ነው፤ ያቺ ወረቀትም አብራው ሻሹ ውስጥ አለች።