ዝርያን ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ከማዛወራችሁ በፊት

ሰዎች የአየር ንብረቱ እየሞቀ ያስቸገረውን የእንስሳ ወይም የተክል ዝርያ ስለማዛወር ሲያማክሩኝ የሚጠይቁኝ ስለ ማጓጓዣው ነው። እሱ ቀላሉ ነው።

መጀመሪያ ዝርያውን እየጎዳው ያለው ሙቀቱ መሆኑን አረጋግጡ። በሽታ ከሆነ በሽታውን አብራችሁ ትወስዱታላችሁ።

ከዚያ ቦታ ምረጡ። ከ50 ዓመት በኋላ የሚስማማው ቦታ ዛሬ በውርጭ ሊገድለው ይችላል። ራስ ምታቱ እዚህ ላይ ነው! እኔ ዛሬም የሚያኖረውን፣ ነገም የማይጠብሰውን አማካይ ቦታ እመርጣለሁ። ደግሞ ቢራቢሮ ብቻውን አይኖርም፤ አባጨጓሬው የሚበላው ሣር እዚያ አለ ወይ? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ሁለት የቢራቢሮ ዝርያዎች ወደ ሰሜን ተወስደው ተላምደዋል። ተስማሚው ቦታ ቀድሞ በአየር ንብረት ሞዴል ተለይቶ ነበር።

ተክል ከሆነ ዘር ውሰዱ፤ ችግኝ ከነአፈሩ ሲጓዝ ፈንገስና ነፍሳት ይዞ ይሄዳል። ዘሩንም ከብዙ እናት ዛፎች ልቀሙ።

ፈቃድ ሳትይዙ እንዳትነኩት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 ጥንዚዛ እንዲበላላት ያስገባችው መርዛማ ጉርጥ እስካሁን የአገሩን አዳኝ እንስሳት ይፈጃል። ዓላማው ሌላ ቢሆንም አደጋው ያው ነው። ስለዚህ በትንሽ ቁጥር ጀምሩ። ያዛወራችሁት ዝርያ ከመጠን በላይ ከተስፋፋ እንዴት እንደምትነቅሉት አስቀድማችሁ ጻፉ። የክትትል በጀቱንም ለብዙ ዓመት ያዙ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ሁሌም እዚያ ላይ ነው።