ያገለገለ ስፖርት መኪና፦ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ሐረጎ ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ማኑዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ የሚለው ክርክር ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ለሚገዛ ሰው ግን የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፊቴ የቆመው መኪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ታሟል ወይ? ከታመመስ እዚሁ ይድናል? የማኑዋል በሽታ በብዛት ፍሪሲዮን (ክላች) ላይ ነው፤ እሱን አውርዶ የሚሰቅል መካኒክ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። የአውቶማቲክ በሽታ ውስጥ ከገባ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ካምቢዮውን በሙሉ መቀየር ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ እንደ ቶዮታ ሴሊካ ወይም ቶዮታ 86 ያለ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው በቀላሉ ዋጋ አይቀንስም። የሚያስቀንሰው ምልክቱን ቆጥሮ የሚያሳየው ገዢ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ደሴ ላይ ራሳችሁ አስነሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩት። ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ እዚያ ሳታቆሙ አዙራችሁ ውጡ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ይወጣል። ሲወርድ ጨዋ የነበረ ካምቢዮ ሐረጎን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት፣ ሲወጣ አመሉን ያወጣል።

ማኑዋል፦ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይጨምርም

ይህ የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ በ4ኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ ቤንዚኑን እስከ ታች እርገጡ። የሞተሩ ዙር ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። ደሴ ውስጥ ዋናው ገዳይ ልማድ ነው፦ ዳገት ላይ ቆሞ ሰው የሚያወርድ ወይም ትራፊክ የሚጠብቅ ሹፌር መኪናውን በፍሬን ከመያዝ ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን ያንጠለጥለዋል። የሚቃጠለው ሸራ ሽታ መስኮት ተዘግቶም ይገባል።

መፍትሄው ሸራውን፣ ተጫኙን ዲስክና ኩሽኔታውን አንድ ላይ መቀየር ነው። «ሸራውን ብቻ እንቀይረው፣ ሌላው ደህና ነው» የሚል ምክር አትስሙ። ካምቢዮውን ማውረድ ያው አንድ ድካም ነው፤ ኩሽኔታው በኋላ ቢጮህ እንደገና ሊወርድ ነው። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ከሞተሩ ኋላ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አዲሱም ሸራ ዕድሜ አይኖረውም። ያለቀ ፍሪሲዮን ግን ከመግዛት አያስቀርም፤ የሙሉ ጥገናውን ዋጋ ከሻጩ ጋር ቁጭ ብሎ መቀነስ ነው።

ማኑዋል፦ ማርሽ ሲገባ ግር ይላል፣ ወይም ይተፋል

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሾቹን ሁሉ አስገቡ። ሲጠፋ ሁሉም በቀላሉ ገብቶ፣ ሲነሳ ሁሉም እምቢ ካለ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው፦ ሙሉ ለሙሉ አይለቅም። የፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ወይም ፓምፑ አልቆ ይሆናል፤ ቀላል ጥገና ነው። ግር የሚለው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ 2ኛ ወይም 3ኛ፣ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያመሳስለው ቀለበት) ተበልቷል፤ ካምቢዮው ሊከፈት ነው። በክረምት ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ የሚከብድ ማርሽ ግን ብዙም አያሳስብም፤ ዘይቱ ስለበረደ ነው።

የሚተፋ ማርሽ ላይ ግን አልደራደርም። ቁልቁለት ላይ በ2ኛ ይዛችሁ ስትወርዱ ማንሻው ወደ ዜሮ ከዘለለ መኪናውን የያዘው ፍሬን ብቻ ነው ማለት ነው። ሳይጠገን ሐረጎን አይወርድም።

ድምፅን በተመለከተ አጭር መለያ አለ። መኪናው ቆሞ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል፣ ፔዳሉን ስትረግጡ ዝም ይላል፦ የካምቢዮው የውስጥ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

አውቶማቲክ፦ ዳገት ላይ ማርሽ ይቀያይራል፣ አይረጋም

ሰው በሽታ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት፣ ብዙ ጊዜ ግን በሽታ ያልሆነ ነገር ይህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 200 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ቶዮታ 86 ደሴ ላይ ከ150 ብዙ አይበልጥም። ካምቢዮው 4ኛ ያስገባል፣ ሞተሩ ያቅተዋል፣ 3ኛ ይመልሳል፣ ትንሽ ሲያቀና እንደገና 4ኛ ይሞክራል። እንደ ሴሊካው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ላይ ማርሾቹ ስለሚራራቁ መዋለሉ ይብሳል።

መፍትሄው ጋራዥ ውስጥ የለም። ኦ ዲ (O/D፣ ከፍተኛውን ማርሽ የሚፈቅድ) የሚል ቁልፍ ካለ አጥፉት፤ በእጅ የሚመረጥ ማርሽ ካለ 3ኛ ወይም 2ኛ ላይ ያዙትና ውጡ። እንዲህ ሲያዝ ከረጋ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። አንድ ማርሽ ላይ ተይዞም የሞተሩ ዙር ብቻውን ሽቅብ ከወጣ ቀጣዩን አንብቡ።

አውቶማቲክ፦ «ዲ» ሲገባ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይንሸራተታል

ፍሬን ይዛችሁ ከ«ኤን» (ዜሮ) ወደ «ዲ» (ወደ ፊት)፣ ከዚያ ወደ «አር» (ወደ ኋላ) አስገቡ። ጤነኛ ካምቢዮ ወዲያው ይይዛል። ቆም ብሎ፣ ከዚያ በድንጋጤ የሚገፋ ከሆነ ወይ ዘይት ጎድሎታል፣ ወይ የውስጥ ሸራዎቹ አልቀዋል።

ዘይቱን እዩ፦ መለኪያ ዘንግ ያላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች ሞተሩ በርቶ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚለኩት። አዳዲሶቹ ዘንግ የላቸውም፤ መኪናው ተነስቶ ከሥር በቡሎን ይታያል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ይሁን። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ የውስጥ ሸራው ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ «ዘይት ይቀየርለት፣ ይስተካከላል» ይላችኋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይመልስም። በወተት የተመታ እንጆሪ ከመሰለ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ከካምቢዮው ዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ተበስቷል ማለት ነው። እዚያው ለሻጩ ቁልፉን መልሱ።

የጎደለ ብቻ ከሆነ የሚያፈስበት ተፈልጎ፣ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት ይሞላለታል። ስፖርት መኪና ዝቅ ያለ ስለሆነ የካምቢዮው ሥር ድንጋይ መትቶት እንደሆነ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ተመልከቱ።

ለእኔ ምርጫው እዚህ ላይ ይለያል። ፍሪሲዮኑ ያለቀ ማኑዋል ከሚንሸራተት አውቶማቲክ በሺህ እጅ ይሻላል። የተፈተነ ጤነኛ አውቶማቲክ ካገኛችሁና በየቀኑ የደሴን ዳገት ከባጃጅ ጋር እየተጋፋችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ግራ እግራችሁ ያመሰግናችኋል።

ሁለቱም፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል

ፍሬኑ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። አውቶማቲክ በ«ዲ» ከወረደ ሞተሩ ብዙም አይይዘውም፤ 2ኛ ወይም «ኤል» (ዝቅተኛው ማርሽ) ላይ አውርዱት። ማኑዋሉን በምትወጡበት ማርሽ አውርዱት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ የሚቆጥበውም የለም፤ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ፔዳሉ ከለሰለሰ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ፍሬኑ ይብረድ፤ ውሃ አታፍሱበት።

መንገድ ላይ ሲቆም

ባትሪ የሞተበት ማኑዋል ደሴ ውስጥ ችግር አይደለም፤ ቁልቁለት የት ጠፍቶ! ቁልፉን ከፍታችሁ፣ 2ኛ አስገብታችሁ፣ ሲንከባለል ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። አውቶማቲክ እንዲህ አይነሳም፤ በገመድም አይጎተትም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ስለሚሽከረከር። ሴሊካ የፊት ጎማው፣ ቶዮታ 86 የኋላ ጎማው ተነስቶ ይጎተታል፤ ሙሉ ለሙሉ የሚጭን መኪና ከተገኘ ግን እሱ ይሻላል።