ቀይ ቅጠል አረንጓዴ ሲሆንብን፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጊዜ ቅጠሉ እንደ ድልህ የቀላ ኮሊየስ የሚባል ተክል ገዝቼ ሳሎን ጥግ አስቀመጥኩት። ወር ሳይሞላ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ምግብ አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩለት፤ ጭራሽ ባሰበት። ሁለት ስህተት በአንድ ወር ሠራሁ፤ ዛሬም በየሰው ቤት የማየው እነዚህኑ ነው።

ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ። ከሁሉም የበዛው ይህ ነው። የኮሊየስም ሆነ የሌሎች ብዙ ተክሎች ቅላት የሚመጣው አንቶሳይኒን ከሚባል ቀለም ነው። ተክሉ ቀለሙን ለመሥራት በቅጠሉ ውስጥ ያጠራቀመውን ስኳር ይጠቀማል፤ ሥራውን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ብርሃን ነው። ቀለሙ ቅጠሉን ከኃይለኛ ፀሐይ የሚከልል ጃንጥላ ነው ማለት ይቻላል። ሳሎን ጥግ ፀሐይ የለም፤ ታዲያ ተክሉ ስኳሩን አውጥቶ ጃንጥላ የሚዘረጋው ለምንድን ነው? የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮት ወይም በረንዳ ስጡት። ግን ከጥላ አውጥታችሁ በአንድ ቀን የቀትር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ይቃጠላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስለመዳችሁ አውጡት። ለውጡን የምታዩት በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነው፤ ታገሡት።

ማዳበሪያ ማብዛት። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ስኳሩን ለዕድገት ያውለዋል፤ ቅጠሉ ይሰፋል፣ አረንጓዴው ይደምቃል፣ ቀዩ ይደበዝዛል። በተቃራኒው ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ በሆነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በደጋ አገር በጥቅምትና በኅዳር፣ ዕድገቱ ስለሚዘገይ ስኳሩ ቅጠሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቅላቱም ይጠነክራል።

ቀይ ቅጠል አረንጓዴ ቀለም የለውም ብሎ ማሰብ። አንድ የኮሊየስ ቅጠል ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ቀዩ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አንቶሳይኒን በውሃ ይሟሟል፤ ብርሃን ይዞ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ግን አይሟሟም፤ ከቀዩ ጋር አብሮ ነበር። ውሃው ላይ ሎሚ ብትጨምቁበት ይበልጥ ይቀላል። ይህን አይታችሁ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ተክሉ ሥር እንዳታፈሱ አደራ። ቀለሙ የሚቀመጥበትን የሴል ክፍል አሲድነት ተክሉ ራሱ ነው የሚቆጣጠረው፤ እናንተ የምትጎዱት ሥሩን ነው። (ቀይ ሥርና ቡገንቪሊያ የሚቀሉት ቤታሌይን በሚባል ሌላ ቀለም ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ተክል ውስጥ አብረው አይገኙም።)

አረንጓዴ የሆነውን ቅርንጫፍ መተው። በብርሃን እጥረት ሳይሆን በተፈጥሮ ለውጥ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ወደ አረንጓዴ ሲመለስ ከመነሻው ቁረጡት። ብዙ ክሎሮፊል ስላለው ቶሎ ያድጋል፣ ቀዩንም ይውጠዋል።

በረንዳ ላይ መብራት አብርቶ ማደር። ይህ የፖይንሴቲያ ነገር ነው። ቀይ አበባ የምንለው በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አበባዎቹ መሀል ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቢጫዎች ናቸው። ከሜክሲኮ የመጣው ይህ ተክል የሚቀላው ለሳምንታት ረጅምና ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው። አምፖል አጠገቡ የሚያድር ከሆነ ሌሊቱ አጭር ይመስለዋል፤ አረንጓዴ እንደሆነ ገናን ሊያልፍ ይችላል።

ለጋ ቅጠል ሲቀላ መድኃኒት መርጨት። ማንጎ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀላ ያለ ነው፤ አንዳንድ የቡና ዝርያም ጫፉ ነሐስ ይመስላል። በሽታ አይደለም። ቅጠሉ ሲጠነክር በራሱ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል።

በቆሎ ሲቀላ ዝም ብሎ ማለፍ። ይህ ከጓሮ ውበት ያለፈ ስለሆነ በጣም ያሳስበኛል። የቡቃያው የታችኛው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ወይን ጠጅ እየሆነ ከመጣ ብዙ ጊዜ ፎስፈረስ አንሶታል ማለት ነው፤ ዕድገቱ ስለተገታ ስኳሩ ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ወደ ቀለም ተለውጧል። አንዳንድ ዝርያ በተፈጥሮው ስለሚቀላ ቡቃያው መቀጨጩንም እዩ። አሲዳማ አፈር ላይ ፎስፈረሱ መሬት ውስጥ እያለም ሥሩ ላያገኘው ስለሚችል፣ ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፤ ምናልባት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኖራ ነው።