ክብሪቱን ተዉት፣ ሰዓቱን እዩ፦ ልጅ ሲያንቀጠቅጠው የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬ ላይ ሕፃን አንቀጠቀጠው ከተባለ ግቢው በሙሉ ይሰበሰባል። አንዷ "አቦ ክብሪት አምጡ!" ትላለች። ሌላው ማንኪያ ፍለጋ ይሮጣል። ሁሉም ከአንጀቱ ነው የሚረባረበው። ልጁን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፦ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መያዝ፣ የሚሆነውን ልብ ብሎ ማየት። ሐኪሙ የሕመሙን ዓይነት የሚለየው በአብዛኛው እናንተ ካያችሁት ተነስቶ ነው።

ክብሪት ማሽተት

ክብሪት ይጫራል፣ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዛል፣ ልጁ ትንሽ ቆይቶ ይረጋጋል። ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ግን ክብሪት ኖረም አልኖረም ከ2 እና 3 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆማል።

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። ግሉታሜት የሚባለው ይቀሰቅሳቸዋል፣ ጋባ የሚባለው ያረግባቸዋል። ሚዛኑ ሲዛባ ብዙ ሴሎች አንድ ላይ ይቀሰቀሳሉ፤ ልጁን የሚጥለው ይኼ ነው። ጭስ ይህን አያስተካክልም። ትንፋሹ የተቆራረጠን ልጅ ግን ያፍናል።

አፉን መፈልቀቅ

"ምላሱን እንዳይውጥ" ይባላል። ምላስ አይዋጥም። ልጁ ሊነክሰው ይችላል፣ እሱ ግን ይድናል። በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ጠበል የምትወስዱም ዱዓ የምታስደርጉም ቀጥሉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ድረስ ብቻ ውሃም ሆነ መድኃኒት በአፉ አትስጡት። እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝም አይጠቅምም።

"ያልፋል" ብሎ መጠበቅ

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወዲያው ባጃጅ ጥሩ። ጤና ተቋም የሚሰጠው ዲያዜፓም የሚሠራው የጋባን ጉልበት በማበርታት ነው። መንቀጥቀጡ በቆየ ቁጥር ግን በሴሉ ገጽ ላይ ያሉት የጋባ ተቀባዮች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ መድኃኒቱም የሚይዘው ያጣል። መጀመሪያ ላይ ቢሰጥ ያቆመው የነበረ መድኃኒት ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልበቃ ሊል ይችላል። ሳይነቃ እንደገና ከጣለው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ካስቸገረው 5 ደቂቃውንም አትጠብቁ። የመጀመሪያው ከሆነ ቢቆምም ሐኪም ይየው።

"ትኩሳት ነው" ብሎ መዝጋት

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳት ብቻውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከ15 ደቂቃ በታች ከሆነ፣ መላ ሰውነቱን ከያዘና በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተደገመ ቀላሉ ዓይነት ነው። አንጎሉን አይጎዳም፣ የዕለት መድኃኒትም አያስፈልገውም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን "የሚጥል በሽታ አለበት" ብሎ የሚደብቀው በከንቱ ነው።

ነገር ግን እዚህ ድሬ ነን። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በበጋው ወራት ወባ ያስነሳችብን እሷ ናት። ስለዚህ "ክረምት አይደለም፣ ወባ አይሆንም" አትበሉ። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ከመጡ የወባ ምርመራ ይደረግለት፣ የደም ስኳሩም ይታይ። አንገቱ ከገተረ፣ የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ ወይም ልጁ ሳይነቃ ከቆየ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ የሰዓታት መዘግየት እንኳ ዋጋ ያስከፍላል።

የማያንቀጠቅጠውን አለማወቅ

ትምህርት ቤት "ፈዛዛ" የተባለ ልጅ አለ። እየጻፈ እርሳሱ ይቆማል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ከሰከንዶች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ። ይህም የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍልና የላይኛው ቅርፊት በሚመላለሱበት መስመር ላይ የሚነሳ። ካርባማዜፒን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ይህን ዓይነት ያባብሰዋል፣ ስለዚህ ዓይነቱ ሳይለይ መድኃኒት አይጀመርም። ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ ልጁን ለ3 ደቂቃ ያህል በፍጥነት ያስተነፍሰዋል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይመጣበታል።

ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነሳ አንገቱን ደፍቶ እጆቹን እየዘረጋ ደጋግሞ ቢኮማተር "ሆዱን ቆርጦት ነው" ይባላል። በስልክ ቅረጹትና በዚያው ቀን አሳዩ። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር እድገቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነስቶ "ደህና ነው" ቢባል እንኳ ቪዲዮውን አትሰርዙ፤ ምርመራው በሁለቱ መንቀጥቀጥ መሃል ንጹህ ሊወጣ ይችላል።

መድኃኒት በራስ ማቆም

"ተሽሎታል" ተብሎ ፌኖባርቢታል በአንድ ቀን ሲቆም መንቀጥቀጡ በርትቶ ሊመለስ፣ አልቆምም ሊልም ይችላል። ብዙ ጊዜ ማቆም የሚታሰበው ልጁ 2 ዓመት ያህል ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ነው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ። ፍሬዎቹን ቁጠሩ፤ ለሳምንት የሚሆን ሲቀር ፋርማሲ ሂዱ።