የእድራችንን ፕሮግራም ከፓይተን ወደ ጃቫስክሪፕት ሳዞር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስገባ የብሎካችን እድር ሒሳብ በደብተር ነበር። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮግራም ሠራሁለት። ፕሮግራሙ ግን ያለው እኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። መዋጮ የሚሰበሰበው እሁድ ጠዋት ኮሚናሉ በር ላይ ነው፤ መብራት ከሌለ ደግሞ የላፕቶፔ ባትሪ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ስልክ ላይ እንዲሠራ ጃቫስክሪፕት ወደሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ላዞረው ተነሳሁ።

እንዲህ ያለ ሥራ ከገጠማችሁ መጀመሪያ አሮጌውን ኮድ አስለፍልፉት። ብዙ ዓይነት ቁጥር ስጡትና የመለሰውን ሁሉ ፋይል ላይ አስቀምጡ። አዲሱ ኮድ የሚፈተነው በዚያ ነው። ዜሮ፣ ኔጋቲቭ፣ ባዶ ዝርዝር፣ የዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ አይቅር። እኔ ሥራውን የያዝኩት ሐምሌ ላይ ስለነበር ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ ሞክሬ አለፍኩ።

ከዚያ አንድ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) እየወሰዳችሁ አዙሩ። እግረ መንገድ ማሳመር የለም፤ ስም እንኳ አትቀይሩ። (የእኔዎቹ «ወር»፣ «ውዝፍ» የሚባሉ ናቸው። ሁለቱም ቋንቋዎች የአማርኛ ስም ይቀበላሉ።)

ኮምፒውተሩ የሚጮህበት ስህተት ቀላል ነው። የሚያስፈራው ሁለቱም ቋንቋ ላይ አንድ ዓይነት ተጽፎ መልሱ የሚለያየው ነው። ያለፈውን ወር የማገኘው እንዲህ ነበር፦

(ወር - 2) % 12 + 1

% ማለት ስናካፍል የሚተርፈው ቀሪ ነው። ጳጉሜን ላይ አንሰበስብም፣ ለዚህ ነው 12 የሆነው። ሐምሌ 11ኛ ነው፤ ሰኔን፣ 10ን ይሰጣል። ደህና። መስከረም ላይ ግን ቅንፉ ውስጥ -1 ይመጣል። ፓይተን ቀሪው 11 ነው ይላል፤ 1 ሲደመር 12፣ ነሐሴ። ጃቫስክሪፕት ቀሪው -1 ነው ይላል፤ 1 ሲደመር ዜሮ። ዜሮኛ ወር የለም፤ ለዜሮኛ ወር ያልከፈለ ሰውም የለም። የመስከረም ስብሰባ ላይ ስልኬ «ውዝፍ ያለበት አባል የለም» አለ። ነሐሴን ያልከፈለው ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

አሁን (ወር + 10) % 12 + 1 ብዬዋለሁ። ኔጋቲቭ ድርሽ ስለማይል ሁለቱም ቋንቋ ላይ አንድ ነው።

ሌላው ማጠጋጋት ነው። መዋጯችን 50 ብር፣ የመዘግየት ቅጣቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 2.50 ነው። የፓይተን ራውንድ እኩል መሐል ላይ ያለን ቁጥር ቅርብ ወዳለው ተጋማሽ ሙሉ ቁጥር ስለሚወስድ 2 ይላል፤ የጃቫስክሪፕቱ 3። የቱ ልክ ነው? ይሄ የቋንቋ ጥያቄ አይደለም። ገንዘብ ያዣችንን ጠየቅኳቸው፤ «ሳንቲም ማን ይዞ ይዞራል፣ 3 በለው» አሉኝ። ለካ አሮጌው ነበር የተሳሳተው።

በአጭሩ ሁለት ልጨምር። ጃቫስክሪፕት የቱ ቁጥር እንደሚቀድም የሚነግረው ማነጻጸሪያ ካልሰጣችሁት ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ነው የሚደረድረው፤ 1፣ 2፣ 10 የነበረው 1፣ 10፣ 2 ይሆናል። ባዶ ዝርዝር ደግሞ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ተብሎ ሲፈተን ፓይተን ላይ «ሐሰት» ነው፣ ጃቫስክሪፕት ላይ «እውነት»። ኤአይ ቢያዞርላችሁም ያንን የፈተና ፋይል አትዝለሉ።

እስከሚመጣው መስከረም ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳለሁ። ገንዘብ ያዣችንም ደብተራቸውን አልጣሉም።