ጅራቱ ይቅለል፣ ጅራቱ ይቅና

በሪሞት የሚበር ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ጅራት የምሠራው ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ነው። ባልሳ ደሴ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ አስልካለሁ። ታዲያ ጅራት ከመቁረጤ በፊት እያንዳንዱን ጣውላ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። በመጠን እኩል ሆነው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ይችላል። ቀላሉን ለጅራት አስቀምጡት።

ጅራቱ ከአውሮፕላኑ የሚዛን ነጥብ ከአፍንጫው ይበልጥ ይርቃል። ስለዚህ ከኋላ 1 ግራም ከጨመራችሁ ከፊት 2 ወይም 3 ግራም ማመጣጠኛ ያስፈልጋችኋል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከባድ አውሮፕላን ይዛችሁ ቦሩ ሜዳ ብትሄዱ ሜዳውን ሲንደረደር ያልቃል እንጂ አይነሳም።

የክንፉ ርዝመት 1.2 ሜትር ለሆነ አውሮፕላን ጅራት 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይበቃል። የአግድሙ ጅራት የእንጨት ጅማት ከጫፍ ጫፍ ይሂድ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ጅማቱ በተቃራኒ የሚሄድ 1 ሳንቲሜትር ቁራጭ በኮላ ለጥፉ። ይህን ትቼ አንድ ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ፣ ማታ ቀጥ ያለው ጅራት ጠዋት እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። አሁን ኮላው እስኪደርቅ በመስኮት መስታወት ላይ አስተኝቼ መጽሐፍ እጭንበታለሁ።

የኤሌቬተሩንና የራደሩን፣ ማለትም የአግድሙንና የቋሚውን ጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ የፊት ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እንደ ቤት ጣሪያ ሞርዱት። ማጠፊያው የሚገባበት ስንጥቅ የውፍረቱ መሃል ላይ ይሁን። ክፍተቱ ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ።

አሁን ዋናው ነገር። ጅራቱ ፊልም፣ ማለትም በሙቀት የሚለጠፍ ስስ የፕላስቲክ ልባስ፣ ከለበሰ በኋላ፣ ጅራቱ ገላው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ፊልሙ መነሳት አለበት። ማጣበቂያ የሚይዘው ባዶ እንጨት ነውና። የመጀመሪያዬን ስሠራ ከተሩን ተጫንኩት። እንጨቱ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ቀረች። ሦስተኛው በረራ ላይ፣ ወደ ታች ወርዶ ቀና ሳደርገው፣ ጅራቱ በዚያችው መስመር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተር አላስነካውም። የጋለ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ካውያ ጫፍ በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ፈጠን አድርጌ እስባለሁ። ፊልሙ ይቀልጣል፣ እንጨቱ ደህና ነው።

ለማጣበቅ በ30 ደቂቃ የሚደርቅ ኢፖክሲ ይሻላል፤ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። አፍንጫው መሃል ላይ ስፒል ሰክታችሁ ክር እሰሩ። ክሩን ወደ አግድሙ ጅራት ቀኝ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ግራው ሳቡት። እኩል ካልደረሰ ጅራቱ ዞሯል ማለት ነው። ከኋላ ቁማችሁም ከክንፉ ጋር አስተያዩት። ቋሚውን ጅራት በስኳድራ 90 ዲግሪ አቁሙት፤ እስኪደርቅ በፕላስተር ወጥሩት።

ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ሲገጠም ኤሌቬተሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ሚሊሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። መቆጣጠሪያውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ወደ ላይ መነሳቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ እዩ፣ ሜዳ ስትደርሱም ድገሙት።